«አይሸጥም» የተባለው ቤት፦ የብሪታንያ የሕዝብ ጤና አገልግሎት በምርጫና በንግድ ውል መካከል

በምርጫ ሰሞን ከሚነሡት ጉዳዮች መካከል እንደ ሕክምና የሕዝብን ልብ የሚነካ ጥቂት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ንግድ ሁሉም አይነግድም፤ ወደ ጦር ሜዳም ሁሉም አይዘምትም፤ በሽታ ግን የማያንኳኳው በር የለም። ስለዚህም ለሥልጣን የሚወዳደር ሰው «ጤናችሁን እጠብቃለሁ» ባለ ጊዜ ጆሮ የሚሰጠው አያጣም። «ባላጋራዬ ሆስፒታላችሁን ሊሸጥባችሁ ነው» ባለ ጊዜ ደግሞ ከዚያ የበለጠ አድማጭ ያገኛል። ይህ ሁለተኛው አነጋገር በብሪታንያ ከምርጫ ወደ ምርጫ ሲሸጋገር ኖሮ፣ በ2019 ከንግድ ውል ጋር ተቆራኝቶ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአንዱን ፓርቲ ወገን ይዞ ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። የሕዝቡ ፍርሃት መሠረት ነበረውን? ፍርሃቱስ ምን ጠበቀ? ምንስ ሳያይ አሳለፈ? የሚሉትን ጥያቄዎች በታሪኩ መስተዋት መመልከት ነው። ታሪኩ የሚያስረዳንም ሕዝቡ «ቤቱ ሊሸጥ ነው» ብሎ ዋናውን በር ሲጠብቅ፣ ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ በጨረታ፣ በኪራይና በዋጋ በኩል፣ ያውም የምርጫው ጫጫታ ጋብ ካለ በኋላ መግባቱን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመሠራረቱ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የብሪታንያ ሕክምና በሦስት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነበር። እነርሱም በበጎ አድራጎት የሚተዳደሩ ሆስፒታሎች፣ የማዘጋጃ ቤት ሆስፒታሎችና በ1911 በወጣው ሕግ የተቋቋመው የሠራተኞች መድን ናቸው። መድኑ ለሠራተኛው እንጂ በጠቅላላው ለሚስቱና ለልጆቹ ሐኪም የሚያቀርብ አልነበረም። በመሆኑም እናት ሕመሟን ደብቃ ገንዘቡን ለልጆቿ ቀለብ ማዋሏ የተለመደ ነገር ነበር።

በታኅሣሥ 1942 ዊሊያም ቤቨሪጅ ያቀረቡት ዘገባ ኅብረተሰቡ ሊያሸንፋቸው ይገባል ያላቸውን አምስት ጠላቶች ዘረዘረ፤ ችጋር፣ በሽታ፣ ድንቁርና፣ የመኖሪያ ጉስቁልናና ሥራ አጥነት። ጦርነቱ በአውሮፓ ባበቃበት ዓመት፣ በ1945 ምርጫ፣ የሠራተኛው ፓርቲ 393 መቀመጫዎችን አግኝቶ ክሌመንት አትሊ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የጤና ሚኒስትርነቱ ከዌልስ ለመጡት ለአናይሪን ቤቫን ተሰጠ። ቤቫን በልጅነታቸው የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ነበሩ። በትውልድ ከተማቸው በትሬዲጋር ሠራተኞች ከደመወዛቸው ጥቂት በጥቂት እያዋጡ ሐኪምና መድኃኒት የሚያገኙበት ማኅበር ስለነበረ፣ ለመላው አገር ያሰቡት ሐሳብ በዐይናቸው ካዩት የተወለደ ነው ለማለት ይቻላል።

ሕጉ በ1946 ጸደቀ፤ አገልግሎቱም ሐምሌ 5 ቀን 1948 ሥራውን ጀመረ። ከ2,600 በላይ የሚሆኑ የእንግሊዝና የዌልስ ሆስፒታሎች ወደ መንግሥት እጅ ገቡ። ወጪው በአብዛኛው ከጠቅላላው የመንግሥት ግብር እንዲሸፈንና በሽተኛው በሕክምናው በር ላይ ገንዘብ እንዳይጠየቅ ተደነገገ።

በዚህ መጽሔት አንባቢ ዘንድ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ነገር ቢኖር የሙያ ማኅበሩ አቋም ነው። የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር በየካቲት 1948 አባሎቹን ባስመረጠ ጊዜ ድምፅ ከሰጡት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል አዲሱን አገልግሎት ተቃወሙ። የመንግሥት ደመወዝተኛ ብቻ ሆኖ የመቅረት ሥጋት አድሮባቸው ነበርና ቤቫን ተደራደሩ። ታላላቆቹ ስፔሺያሊስቶች በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ከፋይ በሽተኞችን የሚያክሙባቸው አልጋዎች ተፈቀዱላቸው። የየሰፈሩ ጠቅላላ ሐኪሞችም ቅጥር ሠራተኞች ሳይሆኑ ከመንግሥት ጋር ውል የገቡ ባለሙያዎች ሆነው ቀሩ። እንግዲህ «የሕዝብ» የተባለው ቤት ከመሠረቱ የግል ክፍል እንደነበረው ልብ ማለት ይገባል። ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር የግል ሥራ ይኑር አይኑር በሚለው ላይ ብቻ ሳይሆን፣ የግሉ ክፍል ምን ያህል ይስፋ በሚለውም ላይ ነበር።

በጓሮ በር የገባው

የመጀመሪያው ስንጥቅ የታየው ከመሥራቾቹ ቤት ነው። በ1951 መንግሥቱ ለኮሪያ ጦርነት የጦር መሣሪያ ወጪ ገንዘብ ባስፈለገው ጊዜ፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሂው ጌይትስኬል ለሰው ሠራሽ ጥርስና ለመነጽር በሽተኛው ከፊሉን ዋጋ እንዲከፍል አደረጉ። ቤቫን ይህን በመቃወም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከእርሳቸውም ጋር በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን የበቁት ሃሮልድ ዊልሰን ለቀቁ። በ1952 ደግሞ የወግ አጥባቂዎቹ መንግሥት በመድኃኒት ማዘዣ ላይ አንድ ሺሊንግ አስከፈለ። የዊልሰን መንግሥት ክፍያውን በ1965 ቢሰርዘውም በ1968 ያው መንግሥት ራሱ መልሶ አመጣው። ከዚህ የምንረዳው የገንዘብ እጥረት በመጣ ጊዜ የፓርቲ ስም ብቻውን ዋስትና የማይሆን መሆኑን ነው።

በ1982 የማርጋሬት ታቸር መንግሥት የጥናት ክፍል አገልግሎቱን በግል መድን ስለመተካት የሚያወሳ ሰነድ ማዘጋጀቱ በጋዜጣ ወጥቶ ታላቅ ቁጣን አስነሣ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ በጥቅምት ወር በፓርቲያቸው ጉባዔ ላይ ቆመው የጤና አገልግሎቱ በእጃቸው ደኅና መሆኑን አረጋገጡ፤ በሰኔ 1983 የተደረገውንም ምርጫ በሰፊ ብልጫ አሸነፉ። በመስከረም 1983 ግን ሆስፒታሎች የጽዳትን፣ የምግብንና የልብስ አጠባን ሥራ ለጨረታ እንዲያቀርቡ መመሪያ ወረደ። የመድኑ ሐሳብ ተትቷልና ቃሉ ታጠፈ ለማለት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ የሆስፒታሉን ወለል የምትወለውለው ሴት አሠሪዋ ሌላ ሆነ። «አገልግሎቱ ተሸጧልን?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ «አልተሸጠም» ነው፤ «እንደነበረ ነውን?» ተብሎ ቢጠየቅም መልሱ «አይደለም» ነው።

በ1990 የወጣው ሕግ በአገልግሎቱ ውስጥ ገዥና ሻጭ የሚባሉ ወገኖችን ለየ። ከሚያዝያ 1991 ጀምሮ የጤና ባለሥልጣኖች ሕክምናን «የሚገዙ»፣ ሆስፒታሎችም «የሚሸጡ» ሆነው፣ በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ገበያ ተተከለ። የሠራተኛው ፓርቲ በዚህ ላይ ጽኑ ተቃውሞ አሰምቶ በ1997 በቶኒ ብሌየር መሪነት ሥልጣን ያዘ። ነገር ግን በቀድሞው መንግሥት በ1992 የተጀመረውን የግል ገንዘብ ሥርዓት በሰፊው የሠራበት ይኸው ፓርቲ ነው። በዚህ ሥርዓት የግል ኩባንያዎች ሆስፒታሉን በራሳቸው ገንዘብ ሠርተው ለ25 ወይም ለ30 ዓመት ያህል በየዓመቱ ክፍያ ይቀበላሉ። ሆስፒታሉ ዛሬ ይቆማል፤ ዕዳው ግን ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። መንግሥት አዲስ የዚህ ዓይነት ውል እንደማይዋዋል ያስታወቀው በ2018 ነው።

በ2010 የተመሠረተው ጥምር መንግሥት በግንቦት ወር ባወጣው ስምምነት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የአደረጃጀት ለውጥ እንደማያደርግ ቃል ገባ። ዳሩ ግን ሁለት ወር ሳይሞላ የጤና ሚኒስትሩ አንድሩ ላንስሊ ሰፊ የለውጥ ዕቅድ አቀረቡ፤ በ2012ም ሕግ ሆነ። በዚህ ጊዜ የሐኪሞቹ ማኅበር ከተቃዋሚዎቹ ግንባር ቀደም ሆኖ መገኘቱ የታሪክን መዞር ያሳያል። የ1948ቱ ተቃዋሚ ከስልሳ አራት ዓመት በኋላ ጠባቂ ሆኖ ቆመ። በዚያው በ2012 ሂንቺንግብሩክ የተባለው ሆስፒታል አስተዳደሩ በሙሉ ለግል ኩባንያ ተሰጠ። ኩባንያው ግን ውሉን እንደማያዋጣው ገልጦ በ2015 ለቆ ወጣ፤ ሆስፒታሉና ሕመምተኞቹም ወደ መንግሥት እጅ ተመለሱ። ትርፉ በታሰበ ጊዜ ኩባንያ ይመጣል፤ ኪሣራው በታየ ጊዜ ደግሞ ሕዝብ ይቀራል።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንደሚባለው፣ ከእነዚህ ለውጦች አንዱም ብቻውን ቤቱን የሚያፈርስ አልነበረም። እንዲያውም በዚህ ዘመን ሁሉ ማናቸውም መንግሥት በሐኪም በር ላይ ክፍያ ለመጣል አልደፈረም። ይህም የሕዝቡ ፍርሃት ያስገኘው ጥቅም ነው። ፍርሃቱ ዋናውን በር በሚገባ ጠብቋል፤ ጓሮውን ግን አላየም።

የንግድ ውል ሲገባበት

እስከ 1990ዎቹ ድረስ ክርክሩ የቤት ውስጥ ክርክር ነበር። በጥር 1995 የዓለም የንግድ ድርጅት ሲቋቋም ስለ አገልግሎቶች ንግድ የተደረገው አጠቃላይ ስምምነት አብሮ ጸና። በዚህ ስምምነት መጀመሪያ አንቀጽ ላይ በመንግሥት ሥልጣን የሚሰጡ አገልግሎቶች ከስምምነቱ ውጭ መሆናቸው ተደንግጓል። ሆኖም አንቀጹ የሚሰጠው ትርጉም ጠባብ ነው። አገልግሎቱ በንግድ መንገድ የማይሰጥና ከሌላ አቅራቢ ጋር የማይወዳደር መሆን አለበት ይላል። አሁን አንባቢ ከዚህ በላይ የተተረከውን ያስታውስ። ገዥና ሻጭ የተለዩበት፣ ጨረታ የወጣበት፣ የግል ኩባንያ ከመንግሥት ሆስፒታል ጋር የሚፎካከርበት አገልግሎት በዚህ ከለላ ሥር ይቆያልን? ብዙ የሕግ ሰዎች ይህን ጥያቄ አንሥተዋል። በሌላ አነጋገር፣ የቤት ውስጡ ለውጥ ለውጭው ውል በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶለታል።

በሐምሌ 2013 የአውሮፓ ኅብረትና ዩናይትድ ስቴትስ ሰፊ የንግድና የመዋዕለ ንዋይ ስምምነት ለመዋዋል ድርድር ሲጀምሩ ፍርሃቱ ስም አገኘ። ይልቁንም ያስፈራው የውጭ ባለ ሀብት መንግሥትን በዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ፊት እንዲከስ የሚፈቅደው አንቀጽ ነበር። ይህ ባዶ ሥጋት አለመሆኑን የስሎቫኪያ ታሪክ ይመሰክራል። ስሎቫኪያ የግል የጤና መድን ድርጅቶች ትርፍ እንዳይከፋፈሉ በ2007 በከለከለች ጊዜ አክሜያ የተባለው የኔዘርላንድስ መድን ድርጅት በ1991 በተደረገ የሁለትዮሽ ውል መሠረት ከሰሳት፤ በታኅሣሥ 2012ም 22 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ካሣ ተፈረደለት። እርግጥ ነው፣ በመጋቢት 2018 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እንዲህ ያለው የግልግል አንቀጽ ከኅብረቱ ሕግ ጋር እንደማይስማማ ወሰነ፤ የግልግሉም ፍርድ በዚያው ዓመት በጀርመን ፍርድ ቤት ተሻረ። ቢሆንም አንድ ምክር ቤት ስለ ጤና ባወጣው ሕግ ምክንያት መንግሥቱ ለዓመታት በክርክር ሲጉላላ መኖሩ ለሌሎች ትምህርት ነው።

ለተነሣው ሥጋት መልስ አልጠፋም። በመጋቢት 2015 የኅብረቱ የንግድ ኮሚሽነር ሴሲሊያ ማልምስትሮምና የአሜሪካው አቻቸው ማይክል ፍሮማን በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ ስምምነቱ ማንኛውንም መንግሥት አገልግሎቱን ወደ ግል ይዞታ እንዲያዛውር እንደማያስገድድ፣ ለግል የተሰጠውንም ወደ ሕዝብ እጅ ከመመለስ እንደማይከለክል አስታወቁ። ድርድሩ ግን በ2016 መጨረሻ ቆመ፤ ከለላውም በተግባር ሳይፈተን ቀረ።

የ2019 ምርጫ

በሰኔ 2016 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ሕዝበ ውሳኔ ባደረገች ጊዜ የጤና አገልግሎቱ ስም በአውቶቡስ ጎን ላይ ተጽፎ አገር ለአገር ዞረ። ለኅብረቱ በሳምንት ይላካል የተባለው 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለጤና ቢውል ይሻላል የሚለው ይህ ጽሑፍ፣ ቁጥሩ አሳሳች መሆኑን የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን ቢገልጽም፣ በብዙ ሰው አእምሮ ተቀርጾ ቀረ። ስለዚህ ተመሳሳዩ ተቋም ለመውጣትም ለመቆየትም፣ ለተስፋም ለሥጋትም አርማ ሆነ።

ብሪታንያ ከኅብረቱ ስትወጣ ከዩናይትድ ስቴትስ ጋር ለብቻዋ መዋዋል ነበረባት። በየካቲት 2019 የአሜሪካ የንግድ ተወካይ መሥሪያ ቤት የድርድር ዓላማዎቹን በይፋ አሳተመ። ከእነዚህም አንዱ የመንግሥት የመድኃኒት ክፍያ ሥርዓቶች ለአሜሪካ ምርቶች ሙሉ የገበያ መግቢያ እንዲሰጡ የሚጠይቅ ነበር። ይህ በአደባባይ የተቀመጠ ጽሑፍ ብዙ ጩኸት አላስነሣም። በሰኔ 4 ቀን 2019 ግን ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ለንደን ውስጥ ከቴሬሳ ሜይ ጎን ቆመው የጤና አገልግሎቱም ለድርድር ይቀርባል የሚል ቃል ባሰሙ ጊዜ አገሩ ተናወጠ። በማግስቱ ቃላቸውን ቢያለዝቡም የተነገረው ተነግሯል።

በኅዳር 27 ቀን 2019፣ ምርጫው ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ የሠራተኛው ፓርቲ መሪ ጄረሚ ኮርቢን 451 ገጽ ያለው የድርድር ሰነድ ይዘው በጋዜጠኞች ፊት ቀረቡ። ሰነዱ የሁለቱ አገሮች ባለሥልጣኖች ከ2017 እስከ 2019 በስድስት ዙር ያደረጉትን ንግግር የያዘ ነበር። ኮርቢን አገልግሎቱ ለሽያጭ መቅረቡን ይህ ያረጋግጣል አሉ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰንም በፍጹም አይሸጥም ብለው አስተባበሉ። ሰነዱ ስለ መድኃኒት የፈጠራ ባለመብትነት ዘመን ንግግር መደረጉን ያሳይ ነበር፤ ሆስፒታል ለመሸጥ የተደረሰበት ስምምነት ግን አልነበረበትም። ቀጥሎም ሰነዱ በምን መንገድ ወጣ የሚለው ጥያቄ የሩሲያን እጅ ጥርጣሬ አስከትሎ፣ የሰነዱ ይዘት ከመነበቡ ይልቅ የሰነዱ አመጣጥ መነጋገሪያ ሆነ። በታኅሣሥ 12 ቀን ወግ አጥባቂዎቹ 365 መቀመጫ፣ የሠራተኛው ፓርቲ 202 መቀመጫ አገኙ።

እንግዲህ በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገኖች የተሟገቱበት ቃል «መሸጥ» የሚለው ነበር። አንዱ «ይሸጣል» ሲል ሌላው «አይሸጥም» ይላል። የአሜሪካ ተደራዳሪዎች በጽሑፍ የጠየቁት ግን የሕንፃ ሽያጭ ሳይሆን የመድኃኒት ዋጋና የገበያ በር ነበር። ሕዝቡ የመረጠው በአንድ ጥያቄ ላይ ሲሆን፣ በጠረጴዛው ላይ የነበረው ሌላ ጥያቄ ነው።

ዋጋው

ይህን ለመረዳት ስለ መድኃኒት ዋጋ አወሳሰን ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። በ1999 የተቋቋመውና ናይስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የብሪታንያ ተቋም አንድ አዲስ መድኃኒት ለዋጋው የሚመጥን ጥቅም መስጠት አለመስጠቱን ይመረምራል። መለኪያው በሙሉ ጤንነት የሚኖር አንድ የሕይወት ዓመት ነው። ይህን አንድ ዓመት ለማስገኘት የሚጠይቀው ተጨማሪ ወጪ ከ20,000 እስከ 30,000 ፓውንድ ባለው ወሰን ውስጥ ከሆነ መድኃኒቱ በአብዛኛው ይፈቀድ ነበር። ወሰኑ ከሃያ ዓመት በላይ ሳይለወጥ ቆይቶ ነበር። አንድ አገር በሙሉ እንደ አንድ ገዥ ሆኖ ስለሚደራደር ብሪታንያ ብዙውን መድኃኒት አሜሪካኖች ከሚከፍሉት እጅግ ባነሰ ዋጋ ታገኝ ነበር፤ አምራቾቹም በዚህ ሲያማርሩ ኖረዋል።

በ2020 ሁለቱ መንግሥታት የጀመሩት የነጻ ንግድ ድርድር ፍጻሜ ሳያገኝ ቀረ። በሐምሌ 2024 በኪር ስታርመር የሚመራው የሠራተኛው ፓርቲ ሥልጣን ያዘ፤ በ2025ም ትራምፕ ተመልሰው በውጭ መድኃኒት ላይ ከባድ ቀረጥ የመጣል ሥጋት አሳደሩ። በታኅሣሥ 1 ቀን 2025 ይፋ በሆነው ስምምነት መሠረት ዩናይትድ ስቴትስ የብሪታንያን መድኃኒቶች ከዚህ ቀረጥ ነጻ ልታደርግ፣ ብሪታንያም ለአዳዲስ መድኃኒቶች የምትከፍለውን ዋጋ በ25 በመቶ ልታሳድግና የናይስን ወሰን ከ25,000 እስከ 35,000 ፓውንድ ከፍ ልታደርግ ተስማሙ። ደጋፊዎቹ በሽተኞች አዳዲስ መድኃኒቶችን ቶሎ ያገኛሉ፣ የምርምር መዋዕለ ንዋይም ከአገር አይሸሽም አሉ። ተቃዋሚዎቹም ለመድኃኒት የተጨመረው ፓውንድ ከነርስ ደመወዝ ወይም ከቀዶ ሕክምና ተራ ላይ የሚቀነስ ነው ብለው መለሱ።

አንባቢ ይህን ያስተውል። በ2019 በ451 ገጽ የተጯጯኸበት ነገር ፍሬው በ2025 ታየ። ያደረገው በጥርጣሬ ሲታይ የኖረው ፓርቲ ሳይሆን፣ ሰነዱን ይዞ የጮኸው ፓርቲ ነው። የተደረገውም በምርጫ ሰሞን አይደለም። አንድም ሆስፒታል አልተሸጠም፤ የተነካው አንድ የቁጥር ወሰን ብቻ ነው። ነገር ግን ለማን የትኛው መድኃኒት እንደሚታዘዝ የሚወስነው ያ ቁጥር ነው።

ለባለሙያው የሚተርፈው

ይህ ታሪክ የባዕድ ታሪክ ሆኖ የሚቀር አይደለም። አገራችን የዓለም የንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ማመልከቻዋን ያቀረበችው በ2003 ነው። ወደዚህ ድርጅት የሚገባ አገር ሁሉ የትኛውን የአገልግሎት ዘርፍ፣ በምን ያህል መጠን፣ በምን ገደብ ለውጭ አቅራቢ እንደሚከፍት በሠንጠረዥ ዘርዝሮ ያቀርባል። የጤና አገልግሎትም ከዘርፎቹ አንዱ ነው። በሠንጠረዡ ላይ የሚጻፍ አንድ መስመር ከብዙ የአደባባይ ንግግር የበለጠ ዕድሜ አለው፤ የጻፈው መንግሥት ቢያልፍም የተጻፈው ይቀራልና።

ስለሆነም የጤና ባለሙያ ከብሪታንያ ታሪክ ሦስት ነገሮችን ቢይዝ ይጠቀማል። አንደኛ፣ ከውጭ ውል አስቀድሞ የቤት ውስጥ ሕግን መመርመር ያስፈልጋል። በአገር ውስጥ ለገበያ የተከፈተውን ዘርፍ በውጭ ውል መከለል አስቸጋሪ ነው። ሁለተኛ፣ «ይሸጣል ወይስ አይሸጥም» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ዋጋውን ማን ይወስናል? ውሉ ስንት ዓመት ያስራል? ስሕተት መሆኑ ቢታወቅ መመለስ ይቻላልን?» የሚሉት ጥያቄዎች የበለጠ ፍሬ አላቸው። ሦስተኛ፣ የግል ሥራ ሁሉ ጉዳት፣ የመንግሥት ሥራ ሁሉ ጽድቅ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። የዛሬው የብሪታንያ አገልግሎት የቆመው ከመንግሥት ጋር ውል በገቡ የሰፈር ሐኪሞች ጭምር ነውና፣ ልዩነቱ ያለው በውሉ ዝርዝር ላይ ነው።

ያንን ዝርዝር ደግሞ ፖለቲከኛው በምርጫ ሰሞን አያነበውም፤ መራጩም ጊዜ የለውም። የንግድ ተደራዳሪው ቢያነበውም አንድ የቁጥር ወሰን በበሽተኛው አልጋ ላይ ምን እንደሚያስከትል ማወቅ የእርሱ ሙያ አይደለም። ይህን የሚያውቁት ሐኪሙ፣ ነርሷና የመድኃኒት ባለሙያው ናቸው። የብሪታንያ ሐኪሞች በ1948 ስለ ራሳቸው ጥቅም፣ በ2012 ደግሞ ስለ አገልግሎቱ ተሟግተዋል። የትኛውም ማኅበር ቢሆን ለሁለተኛው ዓይነት ሙግት ተዘጋጅቶ መጠበቅ ያለበት፣ ሠንጠረዡ ተፈርሞ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ገና በረቂቅ ሳለ ነው።